ጅቡቲን ስንለማመድ

የመጀመሪያው ጥፊ ያረፈው በትንሿ ልጄ ፊት ላይ ነው። ጥፋቷ እግሯን መታጠቧ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዝናብ አግኝቷት ቀዩ ጭቃ እስከ ጉልበቷ ወጥቶባት መጣች፤ ከበርሜሉ በጆግ ቀድታ በረንዳው ላይ እግሯ ላይ አፈሰሰችው። አባቷ ከወንበሩ ሲነሳ አላየሁትም። ያየሁት ጆጉ ሲንከባለል ነው።

«ይሄ ውሃ ጅቡቲ ቢሆን ስንት እንደሚያወጣ ታውቂያለሽ?» አላት።

ልጅቷ ጉንጯን ይዛ ወደ ጣራው ጠርዝ ቀና አለች። ዝናቡ ከቆርቆሮው ላይ እንደ ገመድ ይወርዳል። አሸንዳው ሞልቶ ተርፎ ግቢያችን ጎርፍ ሆኗል፤ ዶሮዎቹ እንጨት ላይ ወጥተዋል።

«አባዬ፣ ውሃማ ይኸው» አለችው።

ሁለተኛው ጥፊ የመጣው ለዚህ መልስ ነው።

ባሌ ሾፌር ነው። በወጣትነቱ የጅቡቲን መንገድ ተሳቢ ይነዳ ነበር፤ እኔን ካገባ ወዲህ ደግሞ የሰው መኪና ይዞ ከቴፒ ቡና እየጫነ ወደ መሐል አገር ይመላለሳል። አብረውት መንዳት የጀመሩት ጓደኞቹ አንዳንዱ ገደል ገብቶ፣ አንዳንዱ ከነጭነቱ ተቃጥሎ አልቋል። ወገቡ ታሟል። ዝናብ ሲመጣ ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም፣ እኛ አገር ደግሞ ዝናብ የማይመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሃምሳ ሳይሞላው መሪ ሊለቅ ቆረጠ።

«ጡረታ የሚወጣው የመንግሥት ሰው ነው» ይላል። «የእኔን ጡረታ እኔው ራሴ እቆርጠዋለሁ። ወገቤን የሚያድነው ሙቀት ነው። የባሕር ሙቀት።»

ጅቡቲ እህቱ አለች፤ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። እሷ ጎረቤት አንድ ክፍል ተከራይቶ መኖር ነው ሐሳቡ። ጠዋት ሽርጥ አገልድሞ ባሕሩ አፍ ላይ መቀመጥ፣ ቀን ቀን ማቀዝቀዣ ሥር መተኛት፣ ፀሐይ ሲበርድ ጫት ይዞ መውጣት።

«እኔስ?» አልኩት አንድ ቀን።

«አንቺ ምን አለብሽ? ታበስያለሽ። እዚያም ሰው ይበላል።»

እህቱ በስልክ ልታስተወው ሞክራ ነበር። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ሁላችንም እንድንሰማ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል።

«ወንድሜ፣ እዚህ ሁሉ ነገር እሳት ነው። ቲማቲም በፍሬ ነው የምንገዛው። የቤት ኪራዩ አንገት ይቆርጣል። የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ የሚጠጣው በገንዘብ ነው። ሙቀቱማ አይወራ! በበጋ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል።»

«ባሕሩስ?»

«ባሕሩማ በነፃ ነው።»

«ሰማችሁ?» አለን ዞር ብሎ። «በነፃ ነው።»

ከዚያ በኋላ ነው ልምምዱ የጀመረው። እዚያ ስንደርስ እንዳንደነግጥ ከአሁኑ እንልመድ አለ። በርሜሉን በሰንሰለት አስሮ ቆለፈበትና ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። እዚያ የምንኖረው በአንድ ክፍል ነውና ብሎ ሌላውን ክፍል ዘግቶ ሁላችንንም አንድ ላይ አስተኛን። ሙቀት እንድንለምድ መስኮት አይከፈትም። ላብ ያጠመቃት ልጄ መስኮት ስትከፍት ቀበቶውን ፈታ። እኔ ሳላስፈቅድ ቲማቲም ወጥ ውስጥ ስጨምር ድስቱን ከነወጡ ደረቴ ላይ ወረወረው፤ ጠባሳው ገና አለ። አንድ ጊዜ ደግሞ በቡጢ የግራ ጆሮዬን መታኝና ለብዙ ቀን የሚሰማኝ የንብ ድምፅ ብቻ ነበር።

ጎረቤታችን ከጅማ የመጡ ባለሱቅ ናቸው፤ ምላሳቸው አያርፍም። ዝናብ እየዘነበ ጀሪካን ይዤ ውሃ ልበደራቸው ስሄድ ዐይናቸውን አፍጠው ያዩኛል።

«አንቺ ሴት፣ ባልሽ ጅቡቲን እዚህ ድረስ ካመጣልሽ ለምን ትሄዳላችሁ? እዚሁ ተቀምጣችሁ ተቃጠሉ እንጂ፤ ኪራዩ ይቀርላችኋል።»

ሳቅኩ። ከንፈሬ የተሰነጠቀ ስለነበር ሳቁ አመመኝ። እሳቸውም አዩት፤ ዝም ብለው ጀሪካኔን ሞሉልኝ።

ዱላውን ለምጄው ነበር ማለት እችላለሁ። የማልለምደው ነገር ሌላ ነው። ትልቁ ልጄ ጎረምሳ ሆኗል፣ ትምህርቱን ጨርሶ የቡና መሬታችንን የሚንከባከበው እሱ ነው። አባቱ እኔን ሲመታኝ ድሮ ይጮኽ ነበር፤ መሐል ይገባ ነበር። በዚያ ዓመት መጮኽ አቆመ። ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ብቻ ያያል። ገጀራውን በደረቅ ጊዜም በእርጥብ ጊዜም ሲስል አገኘዋለሁ። እኔ ጠዋትም ማታም አንድ ነገር ነበር የምለምነው፦ ልጄ እንዳይገድል፣ ልጄ እንዳይገደል። ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

ቡናው የአባቴ ነው። ከሸኮ አልፎ ወደ ታች፣ ወንዙ ዳር ነው። እኛ አገር መሬት አይሸጥም ይባላል፤ የሚሸጠው ቡናው ነው፣ መሬቱ ግን ቡናውን ተከትሎ ይሄዳል። ባሌ ከቴፒ ገዢ አገኘ። ነገር ግን ከማስረከቡ በፊት ትልልቆቹን የጥላ ዛፎች ቆርጦ ጣውላውን ለብቻ ሊሸጥ አሰበ። ከሁሉ በፊት ዐይኑ ያረፈው መሐል ላይ ያለው የቀረሮ ዛፍ ላይ ነበር። ግንዱን ብዙ ሰው ተያይዞ ካልሆነ አይከበውም።

ያ ዛፍ የእኛ አይደለም። ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፣ ባሌም እዚህ ስንት ዓመት ኖሮ አልገባውም። እኔ በተወለድኩበት አገር ከታች ያለው መሬት የአንድ ሰው፣ ከላይ ያለው ዛፍ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ቀረሮው ላይ ቀፎ የሚሰቅሉት የአባቴ ወዳጅ ናቸው። ከእሳቸው በፊት አባታቸው ይሰቅሉበት ነበር፤ ከእሳቸው በኋላ ደግሞ ልጃቸው ይሰቅልበታል። ማር ሲወርድ የመጀመሪያው የማር እንጀራ ለአባቴ ቤት ይመጣል። አባቴ ሲሞት ለእኔ መጣ። የተጻፈ ነገር የለውም። ግን ያን ዛፍ መቁረጥ ማለት የሰው ቤት ከነሰዎቹ ማፍረስ ማለት ነው።

ነገርኩት። ከት ብሎ ሳቀብኝ።

«ሰማይ ደግሞ ካርታ አለው እንዴ? እኔ መሬቱ የእኛ ነው እንጂ ከዚህ በላይ ያለው አየር የእከሌ ነው ሲባል ሰምቼ አላውቅም።»

«ዛፉን ከነካኸው ሰው ይሞታል።»

«ማን ነው የሚሞተው? ያ ሽማግሌ?»

«ልጆች አሏቸው።»

«እኔስ ልጅ የለኝም?» አለና ጸጉሬን ይዞ ጭንቅላቴን ከበሩ መቃን ጋር አጋጨው። ደሙ ዐይኔ ውስጥ ሲገባ ልጄን ፈለግኩ። ግድግዳው ጋ ቆሟል። «ምንም አልሆንኩም፣ ምንም አልሆንኩም» አልኩት፣ እሱ ግን ያየው የነበረው እኔን አልነበረም።

ጣውላ ሰንጣቂዎቹ የመጡት የሞተር መጋዝ ይዘው ነው። ያን ቀን ባሌ ቴፒ ጭነት ነበረው። ልጁን መኪናው በር ላይ ጠራው። «እነሱ ጋ ቁም። የሚመጣ ካለ ወንድ ሁን» አለው፤ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ልጄ ገጀራውን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ።

እኔ ምግብ እሳት ላይ ጥጄ ነበር። ትቼው ሮጥኩ። ቁልቁለቱ አንሸራትቶኝ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደቅኩ። ቡናው መሐል ስደርስ መጋዙ መጮኽ ጀምሯል። የሞተር መጋዝ ድምፅ እዚያ ሸለቆ ውስጥ አይደበቅም፤ ከማዶ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል።

«ና ውጣ!» አልኩት ልጄን ክንዱን ይዤ። «ና፣ ቤት እንሂድ!»

«እማ፣ ተመለሺ።»

«የማን ዛፍ መሆኑን አንተ ታውቃለህ! ሕፃን ሆነህ ሥሩ ተቀምጠህ ማር የላስክበት ነው! አብረሃቸው ነው ያደግከው!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለዚያ ሰውዬ ብለህ ልትሞት ነው?»

ያኔ ዞሮ አየኝ። «ለእሱ አይደለም። ይሄ ከተሸጠ ይሄዳል፣ እማ። ራሱ ነግሮኛል። እናንተ ባትመጡም እኔ እሄዳለሁ ብሎኛል። ዛፉ ወድቆ ይሂድልን። ይሄድልን እንጂ!»

ይህን ሲለኝ እጄ ከክንዱ ላይ ላላ። እውነቱን ነው የምናገረው፣ ለአንድ አፍታ እኔም «ይውደቅ» አልኩ በልቤ።

ወደቀ። መጀመሪያ እንደ ሰው አቃሰተ፣ ከዚያ ብዙ ቡና ሥሩ እያደቀቀ መሬቱን መታው። ቀፎዎቹ ተፈረካከሱ። ንቡ ጥቁር ጭስ ሆኖ ተነሳ። ሰንጣቂዎቹ መጋዛቸውን ጥለው ወደ ወንዙ ሸሹ፣ አንደኛው ጃኬቱን ራሱ ላይ ጠምጥሞ «እናቴን! እናቴን!» እያለ ይጮኻል። እኔና ልጄ ነጠላዬን ተከናንበን ተንበረከክን። ከነጠላው ሥር ሆኜ የሰው እግር ሲመጣ አየሁ። የባለቀፎው ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም። ትልቁ ከልጄ ጋር እኩያ ነው፤ አንድ ላይ ነው ዋና የለመዱት።

ንቡ ፊቱን እየወጋው እጁን እንኳ አላነሳም። በቋንቋችን፣ በሸኮኛ ነው የተናገረው።

«የአያቴን ዛፍ። አንተ? አንተ ራስህ?»

«ዞር በል» አለው ልጄ ተነስቶ። «አልቋል። ሂድ።»

«ወይ ሰው መሆን! አባትህ የመንገድ ሰው ነው፣ አያውቅም። አንተ ግን ማራችንን በልተሃል!»

ትንሹ ወንድሙ በዱላ የልጄን ትከሻ መታው። ልጄ ገጀራውን አነሳ። በሆዴ መሬት ላይ ተስቤ እግሩን አቀፍኩ፤ እሱ ተደናቅፎ ሲወድቅ የትልቁ ገጀራ ከላይ መጣ። ልጄ ግራ እጁን ፊቱ ላይ ጋረደ። ድምፁ ሙዝ ሲቆረጥ ያለው ዓይነት ነው። ላዩ ላይ ተኛሁበት። ጀርባዬን ረገጡኝ፣ ጎኔን መቱኝ፣ ንቡ ጆሮዬ ውስጥ ገብቷል፣ አፌ አፈር ሞልቷል። «ግደሉኝ! እኔን ግደሉኝ!» እላለሁ፣ በየትኛው ቋንቋ እንዳልኩት ግን አላውቅም። ከዚያ መምታቱ ቆመ። ቀና ስል ትልቁ የልጄን ሁለት ጣቶች ሣሩ ላይ እያየ ቆሟል። አስመለሰው። ገጀራውን ጥሎ ሮጠ።

እጁን በነጠላዬ ጠቅልዬ አስፋልቱ ላይ አወጣሁት። አንድ የሞተር ሳይክል ልጅ ከኋላው አስቀመጠን፤ ልጄን መሐል አድርገን ሚዛን ሆስፒታል ገባን። ፊቱ በንብ አብጦ ዐይኑ አይታይም ነበር።

ባሌ በማግስቱ መጣ። አልጋው ሥር ቆሞ «የትኛው እጁ ነው?» አለ።

«ግራው» አልኩት።

«ተመስገን» አለ። እኔም ላፍታ የአባት አንጀት መስሎኝ ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን የሚያዋጣው ክስ አይደለም፤ ሽምግልና ነው። ከብት አላቸው፣ የቡና መሬት አላቸው። ለጣት የሚከፈለው ካሳ ቀላል እንዳይመስልሽ፤ ጎደለኝ ያልኩትን ይሸፍንልኛል። በዚህ ዓመት መሪ እለቃለሁ።»

«ዝም በል። ልጁ ይሰማል።»

«ተኝቷል።»

አልተኛም። ካበጠው ዐይኑ ጥግ እንባ ወደ ትራሱ ሲወርድ አየሁ። ከዚያ ቀን በኋላ የደህናው እጁ ጣቶች ብርድ ልብሱን ጨብጠው ሲለቁ፣ ጨብጠው ሲለቁ ነበር የማየው። እኔ ደግሞ ከባለቀፎው ልጆች ይልቅ ይህን እጅ ፈራሁት።

ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት ከአጥራችን ውጭ ባለው ሜዳ ላይ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። ጎረቤታችን ባለሱቁ ነበሩ፣ አንድ ቄስ ነበሩ፣ ከሸኮ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎችም ነበሩ። ባለቀፎው ኮፍያቸውን አውልቀው ከነልጆቻቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። ባሌ ቆሞ ተናገረ። አንደበት አለው፣ የመንገድ ሰው አይደል? የልጄን እጅ ይዞ ወደ ላይ አነሳና ፋሻውን ለሰው አሳየ።

«ይኸው! የልጄን ተስፋ ነው የቆረጡት! ይህ ልጅ ነገ አርሶ አይበላም፣ መሪ አይዝም፣ ማን ያገባዋል? ሕጉ የሚለውን ሁሉ እፈልጋለሁ። ከብት ቢሆን ከብት፣ ቡና ቢሆን ቡና!»

ልጄ እጁን መንጭቆ ወሰደ።

ከሸኮ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ወደ እኔ ዞረው በሸኮኛ «ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

«በሰው ቋንቋ ተናገሩ!» አለ ባሌ።

ሽንቴ እንዳያመልጠኝ ፈርቼ እግሬን አጣብቄ ቆምኩ። መጀመሪያ በሸኮኛ፣ ከዚያ እሱም እንዲሰማው በአማርኛ ተናገርኩ።

«ካሳ አልፈልግም። ዛፉን ያፈረስነው እኛ ነን። የልጄ ጣት የወደቀው በእኛ ጥፋት ነው። ካሳ የምንከፍል እኛ ነን። ቡናው የአባቴ ነው፤ አይሸጥም። ለጅቡቲ አይሸጥም። ልጄ ደግሞ…»

አልጨረስኩትም። ባሌ ገፍትሮ በጉልበቴ ጣለኝና በቡጢ ሳይሆን በጫማው አፌን መታኝ። ጥርሴ ምላሴ ላይ ሲንሸራተት ተሰማኝ። ሽማግሌዎቹ «ኧረ በሕግ! ኧረ በሕግ!» ይላሉ፤ ባለሱቁ ዱላቸውን ይዘው ሊነሱ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። እሱ ድጋሚ እግሩን አነሳ።

ያን ጊዜ ልጄን አየሁት። ድንጋይ ይዟል። ቤት ሲሠራ ማዕዘን ላይ የሚገባ ዓይነት ድንጋይ፣ በአንድ እጁ እንዴት እንዳነሳው አላውቅም። ከአባቱ ኋላ ነው፣ አባቱ አላየውም። ልጮኽ ብል አፌ ደም ስለሞላ ድምፅ አልወጣም።

የባለቀፎው ትልቁ ልጅ ከመሬት ተስፈንጥሮ ተነስቶ ልጄን ከኋላው ወገቡን አቀፈው። ሰው ሁሉ ጠብ መሰለው፤ ሊገድለው ነው ብለው ጮኹ። ልጄ በክርኑ ፊቱን ይመታዋል፣ አፍንጫው ደም በደም ሆነ፣ አልለቀቀውም።

«ልቀቀኝ! ልቀቀኝ ልግደለው!»

«አልለቅህም።»

«አንተ ምን አገባህ! ጣቴን የቆረጥክ አንተ ነህ!»

«አዎ እኔ ነኝ! አንዱን እጅህን እኔ አበላሸሁት፤ ይሄኛውን አንተ አታበላሸው! አልለቅህም አልኩህ!»

ተያይዘው ወደቁ። ባሌ ያኔ ዞረ። ልጁንም አየው፣ ድንጋዩንም አየው። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። ባለቀፎው ሽማግሌ ቀስ ብለው ተነሱና በመሐላቸው ቆሙ፤ ዱላ እንኳ አልያዙም። በተሰባበረው አማርኛቸው «ሂድ ጌታዬ» አሉት። «ወደ ባሕርህ ሂድ። እኛ አንነካህም። ይሄ ልጅ ግን ካየህ ይነካሃል።»

ባሌ ወገቡን ይዞ ወደ አስፋልቱ፣ ወደ መኪናው ሄደ። የተከተለው ሰው የለም።

ሁለቱ ልጆች አሁንም መሬት ላይ ናቸው፣ አንዱ አንዱን እንደያዘ፣ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ልጄ ድንጋዩን አልጣለውም። ደሙን ተፍቼ በእጄና በጉልበቴ ወደ እነሱ ተሳብኩ። «ስጠኝ» አልኩት፤ አልሰማኝም። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቅቄ ድንጋዩን ወሰድኩበት።